የፈለግኸውን ተጫወት

አዳራሹን ስወለውል አንድ ሰው ፒያኖ ይለማመዳል። ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ጫማውን አውልቆ ከወንበሩ ሥር ያሰልፋል። የሚጫወተው ዘመን አመጣሽ ሙዚቃ ጥብቅ ነው፤ እሱ ግን ዝንፍ አይልም። መሃል ላይ፣ ወረቀቱ ላይ ኖታ ያልተጻፈበት ቦታ ሲደርስ ብቻ ሁልጊዜ ያቆማል።

«ምነው ልጄ፣ ጠፋህ?» አልኩት።

«የለም እናቴ፤ እዚህ ጋ ‹የፈለግኸውን ተጫወት› ይላል።»

«ታዲያ ተጫወታ! ለእኔ ማን ባለኝ!»

እንደ አዲስ ሙሽራ አንገቱን ደፋ። «ሰው እያየኝ አፍራለሁ። እስቲ አንዴ ውጪልኝ።»

ወጣሁለት። በሩን ስዘጋ ሁለት ሦስት ድምፅ እንደ ሌባ ቀስ ብሎ ነካካ። የባልዲዬ እጀታ ሲንኳኳ ግን ቀጥ አለ። ዛሬ ማታ ሥራውን ሲያቀርብ አዳራሹ በተመልካች ጢም ይላል፤ ያን ሁሉ ሰው ማን ያስወጣለታል?