ዜቨሪን አምሽታልደንና ደጅ የወጡት ባለጉዳዮች

ዜቨሪን አምሽታልደንን ሰው የጠላው መጽሐፍ ስለጻፈ ነው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። ከመጻፉም በፊት አይወደድም ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ዝም ብሎ ሰው ያያል፤ ሰው ደግሞ ሲታይ አይወድም። ላም እንኳ አትወድም፤ ዓይን ዓይኗን እያየህ ብታልባት ወተቷን ትይዝብሃለች። ይሄን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ በዚህ ሸለቆ የለም፤ አርባ ዓመት አልቤያለሁ። ግን ወሬው የኔ አይደለም።

አባቱ ፎርማጆ ሠሪ ነበር። ዜቨሪንም እስከ ሠላሳ ዓመቱ ከትልቁ የመዳብ ድስት ሥር እሳት ሲቆሰቁስ ኖረ። የመጀመሪያ መጽሐፉን የጻፈው ፎርማጆ በሚጠቀለልበት ወረቀት ላይ ነው። የከተማው አሳታሚ ጥቅሉን ሲፈታው ቢሮው በሙሉ ሸተተ፤ ሁለት ጸሐፊዎች ራሳችንን አመመን ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ ይባላል። መጽሐፉ ሲወጣ ቄሱ ሦስት እሑድ ሰበኩበት፤ ቄሱ ስለሰበኩበት ደግሞ ሰው ሁሉ ገዛው።

ሁለተኛው ባሰ። በጦርነቱ ጊዜ ተራራ ላይ ወጥተው አራት ዓመት ድንበር ስለጠበቁ ወታደሮች ነው። ጠላት ይመጣል ብለው ሲጠብቁ ሲጠብቁ አንዲት ፍየል መጣች፤ እሷኑ ተኮሱባትና ሳቷት። ጋዜጦቹ «አገር ሰደበ» አሉ። አንድ ጡረታ የወጣ ኮሎኔል መጽሐፉን አደባባይ አውጥቶ ከብት ማጠጫ ገንዳ ውስጥ ነከረው። ሌላ ከተማ ደግሞ ሽልማት ሰጠው። አገራችን እንዲህ ናት፤ አንዱ ሸለቆ ይነክርሃል፣ የሚቀጥለው ያደርቅሃል።

ያኔ አሳታሚው ዙሪክ ወስዶ ሞቅ ያለ ክፍል ሰጠው። ስምንት ወር ተቀምጦ አንድ መስመር አልወጣውም። ዜቨሪን የሚጽፈው በበጋ ብቻ ነው፤ ፍሉሪ የምትባለውን አንድ ላሙን ተከትሎ ወደ ተራራው ግጦሽ ሲወጣ፣ እዚያች ጎጆ ውስጥ። ግጦሹ ግን የማኅበሩ ነው። አባል ያልሆነ ላም አያወጣም። ላሟ ካልወጣች እሱም አይወጣም፤ እሱ ካልወጣ መጽሐፍ የሚባል ነገር የለም።

ጣጣ ያመጣው ሦስተኛው መጽሐፍ ነው። ስለ እኛው መንደር፣ ስለ ኦበርሽታፍል። የማንም ስም የለበትም፤ እሱ ነው የባሰው። ስም ቢኖር የተጠራው ብቻ ነው የሚቆጣው።

በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ወተት ልኬት የሚያወራ ምዕራፍ አለ። በጋውን የሁሉም ላም ተራራ ላይ አንድ ላይ ትታለባለች፣ ፎርማጆው አንድ ላይ ይሠራል፤ በመከር ሲከፋፈል ማን ስንት ይውሰድ የሚባለው በአንድ ቀን ልኬት ነው። በበጋው መካከል ቀን ይቆረጣል፣ ባለላሙ ሁሉ ይወጣል፣ ሰው እያየ የየራሱን ላም ያልባል፣ ወተቱ ይመዘናል። በመጽሐፉ ያለው ሰውዬ ከዋዜማው ለአላቢው የፕለም አረቄ ያቀምሰውና ላሚቱን ግማሽ ድረስ ብቻ ያሳልባታል። በማግስቱ ጡቷ ሊፈነዳ ደርሶ ስትመዘን የሁለት ላም ያህል ትሰጣለች። ሃያ ዓመት እንዲህ ሲያደርግ ኖረ፤ ፎርማጆው ከምድር ቤቱ ተርፎ አልጋው ሥር ገባ ይላል መጽሐፉ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጌብሃርት ሮረር ይህን ምዕራፍ አንብቦ ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰም። በሦስተኛው ቀን በስብሰባው አጀንዳ ላይ አንድ ነጥብ አስገባ፦ ዜቨሪን አምሽታልደን የማኅበሩን አባላት ስላዋረደ ይሰናበት።

ስብሰባው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በክሬሴንስ መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ተደረገ። ደጅ በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ይወርዳል። ከጸሐፊዋ ሌላ ሠላሳ አንድ አባል ነው። ጸሐፊዋ እትዬ ፊሎሜና ናቸው፤ ሰማንያ ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰው በሙሉ አንድ በአንድ ጆሮውን ጎትተው ፊደል ያስቆጠሩ። ዜቨሪንንም አስተምረውታል፤ አይወዱትም፤ ጽሑፉ ዛሬም ስሕተት አለበት ይላሉ።

«ደንብ ሰባት» ብለው አነበቡ፤ «ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ከአዳራሹ ወጥቶ ይቆማል፤ አይናገርም፣ እጅ አያወጣም። ዜቨሪን፣ ደጅ።»

ወጣ። ከውጭው ደረጃ ሥር፣ ጣሪያው ትንሽ በሚከልልበት ቦታ ኮቱን አንገቱ ላይ ሰብስቦ ቆመ። ለፒፓው ጭስ መስኮቱን ከፍተውታል፤ ሁሉም ይሰማዋል። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር፤ ለፍሉሪ ገዢ ይፈልግላት እንደሆነ ያስባል፤ ቀንዷ ወደ ታች የዞረ ላም ማን ይገዛል?

መጀመሪያ ክሬሴንስ ተነሳች።

«ገጽ አርባ ላይ፣ ከእንግዳ ብርጭቆ የተረፈውን ወይን መልሳ ጠርሙስ ውስጥ የምትጨምረው ሴት እኔ ነኝ። አርባ ዓመት በክብር የሠራሁ ሴት።»

«አንቺ ነሽ?» አሉ እትዬ ፊሎሜና።

«ታዲያ ማን ልትሆን ነው?»

«እንግዲያው ጉዳዩ ይመለከትሻል። ደጅ።»

«ከገዛ ቤቴ?»

«ደንብ ሰባት ቤት አይመርጥም፣ ልጄ።»

ሌላ አገር ቢሆን ሰው ይጮህ ነበር፣ ወንበር ይወረወር ነበር። እኛ ጋ ደንብ ከተነበበ አለቀ። ክሬሴንስ ሻሿን አሰረችና ወርዳ ከዜቨሪን ጎን ቆመች።

«ደስ አለህ?» አለችው።

«በርዶኛል እንጂ ምን ደስ ይለኛል። ወደዚህ ጠጋ በይ፣ እዚያ ያፈሳል።»

«የኔን ጣሪያ ለኔ ትነግረኛለህ?»

ቀጥሎ ንብ አርቢው ቬንደል መጣ፣ ከንዴት ብዛት ባርኔጣውን ረስቶ።

«ገጽ ዘጠና» አለ ጣቱን ዜቨሪን ደረት ላይ ተክሎ፤ «ስኳር በጥብጦ ማር ነው እያለ ለቱሪስት የሚሸጠው ሰውዬ። ሠላሳ ሰው ፊት እኔ ነኝ ብዬ መጣሁ፣ አላፈርኩም።»

ዜቨሪን የቬንደልን ጣት ከደረቱ ላይ አነሳ። «ቬንደል፣ እሱን ከራሴ ፈጥሬው ነው። ስለ ማርህ ምንም አላውቅም።»

ክሬሴንስ ቀስ ብላ ወደ ቬንደል ዞረች።

«ባለፈው ገና የሰጠኸኝ ማርስ?»

«እሱ... እሱ ጥሩ ዓመት ነበር።»

«እኔማ ጋገርኩበት፣ ቂጣው ድንጋይ ሆነ።»

ከዚያ በኋላ በሩ አልተዘጋም። ከመዘምራኑ ሁለት ወንዶች በአንድ ገጽ ተጣሉ፤ ጠጥቶ በፋሲካ ቅዳሴ ላይ ያንቀላፋው እኔ ነኝ ያለው አንዱ ነበር፣ ሌላው ደግሞ እኔ እያለሁ አንተ ማን ነህ አለ። እትዬ ፊሎሜና ሁለቱንም አስወጧቸው፣ የሁለቱንም ስም ከነገጹ እየጻፉ። የመጋዝ ቤቱ ባለቤት ወጣ፣ ፖስተኛው ወጣ፣ ምራቷን በቀጭን ሾርባ ታኖራለች የተባለችው አማት ወጣች፤ ምራቷም አጠገቧ ሆና ወጣች፤ እሷ እንኳ ደስ ብሏት ነው። ደረጃው ሥር ሃያ ስድስት ሰው ተጨናንቆ ቆመ፣ የዜቨሪን እግር ሁለቴ ተረገጠ። ሁሉም ቢሳደብበትም፣ መጠለያውን ለቆ ዝናብ ላይ የወጣ የለም፤ እየተሳደቡ ትከሻ ለትከሻ ተሟሟቁ።

እላይ አዳራሹ ውስጥ ከሊቀ መንበሩና ከጸሐፊዋ ሌላ አራት ሰው ቀረ። ሁለቱ ማንበብ የማይወዱ ወንድማማቾች ናቸው። አንዷ መበለት፤ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ ጨርሳ ራሷን ፈልጋ አጥታለች። አራተኛው ሽማግሌው አምብሮስ ነው፣ ዘጠና አንድ ዓመቱ፤ ጆሮው አይሰማም ይባላል፣ የሚፈልገውን ግን ይሰማል።

«ዜቨሪን ይሰናበት የምትሉ?» አለ ጌብሃርት።

ወንድማማቾቹ እጅ አወጡ፤ ሊቀ መንበሩ ካለ አለ ነው እነሱ ጋ።

«ይቆይ የምትሉ?»

አምብሮስና መበለቷ አወጡ። መበለቷ ለምን እንዳወጣች ስትጠየቅ፣ ሰውዬው ገና አልጨረሰም ይሆናል አለች።

«ሁለት ለሁለት» አሉ እትዬ ፊሎሜና። «እኩል ሲሆን ሊቀ መንበሩ ይወስናል። ግን በመጀመሪያ፣ ጌብሃርት፣ አንተን ጉዳዩ ይመለከትሃል?»

ታች ደረጃው ሥር ሃያ ስድስት ሰው ማሳል አቆመ። ቬንደል እንኳ የዜቨሪንን ክርን ያዘ።

«እኔን?» አለ ጌብሃርት። «እኔን ምን ይመለከተኛል?»

«የወተቱ ምዕራፍ አለ። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት። ያ ሰውዬ አንተ ከሆንክ ደጅ ትወጣለህ፣ ሌላ ሊቀ መንበር እንመርጣለን፣ እኔም ስምህን ከነገጹ እጽፋለሁ። እጅህን አሳርፍ፣ ጠረጴዛ አትቧጭር።»

«እኔ አይደለሁም።»

«አይደለህም ብዬ ጻፍኩ።»

አምብሮስ ያን ጊዜ ከፒፓው ጀርባ ተናገረ። «ካልሆንክ፣ ልጄ፣ ምን አስቆጣህ? የማይመለከተውን ሰው መጽሐፍ አያሳክከውም። አሁን ይባረር ብትል ግን ዓለም ሁሉ ምን ይላል? የበላችው ያገሳታል ይላል።»

ጌብሃርት ወደ መስኮቱ አየ። ታች ሃያ ስድስት ራስ ከጣሪያው ሥር ብቅ ብሎ ወደ ላይ አንጋጧል፣ በረዶ ፊታቸው ላይ እየወረደ፣ ሁሉም አፉን ከፍቶ። ከንቱ ነው፤ መሸሻ የለም። ቢወጣ ሌባ ነኝ ማለት ነው፤ ቢያባርር ሌባ ነኝ ማለት ነው።

ቀኝ እጁን አወጣ፣ ከትልቅ ጋን ውስጥ ድንጋይ እንደሚያወጣ ሰው።

«ይቆይ» አለ።

«ከፍ አድርገው፣ አልታየኝም» አሉ እትዬ ፊሎሜና፣ ከሁለት ክንድ ርቀት።

ከፍ አደረገው።

ሰው ሁሉ እየተራገፈ ወደ ላይ ሮጠ። ክሬሴንስ ስሟ ከቃለ ጉባኤው ይፋቅ አለች፣ ቬንደልም አብሮ ጠየቀ፤ እትዬ ፊሎሜና ብዕራቸውን አልዘጉም፣ ለመፋቅ መጠየቃቸውንም ጻፉት። ዜቨሪን መጨረሻ ላይ ገባ፣ ጫማው ውስጥ ውሃ እየተንቦጫረቀ፣ ወደ ሊቀ መንበሩ ሄዶ እጁን ዘረጋ።

«አመሰግናለሁ፣ ጌብሃርት። ላሟን ልሸጥ ነበር።»

«እኔ መጽሐፍህን አላነበብኩትም።»

«ደግ አደረግህ። ብታነበው ትጠላው ነበር።»

ጌብሃርት እጁን ጨበጠው። አምሳ ዓመት ላም ያለበ እጅ ነው፣ የሰውን ጣት ከእንጨት አይለይም። እየሳቀ ጨበጠ፣ እየሳቀ ቆየ፣ ሰው ሁሉ እርቅ ወረደ ብሎ አጨበጨበ። ዜቨሪን ፍሉሪን ወደ ተራራው ሲያወጣ ቀኝ እጁ አብጦ ገመዷን በግራው ይዞ ነበር፤ ብዕር የያዘውም ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው።