አያ ክንዱና የዘገየው ጥቁር ገብስ

ከዳባት ከፍ ብሎ፣ በኅዳር መጨረሻ አንድ ማሳ ብቻውን ቆሞ ካያችሁ የአያ ክንዱ ነው። የሌላው ሁሉ ታጭዷል። አጨዳ ሲያበቃ ከብት በየማሳው ይለቀቃል፤ የአገሩ ደንብ ነው። እሳቸው ታዲያ ማማ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው የሰው ከብት ሲያባርሩ ይውላሉ።

ሚስታቸው ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ካረፉ ስድስት ዓመት ሆነ። ልጆቹ ሳንጃ ወርደው በዚያው ቀሩ። ለአያ ክንዱ የቀራቸው ሚስታቸው የተዉላቸው የጥቁር ገብስ ዘር ነው።

እኔ የሰብል ምርምር ሠራተኛ ነኝ። ቶሎ የሚደርሰውን ምርጥ ዘር ለመንደሩ ያደረስነው እኛው ነን፤ ጎተራ ሞልቷል፣ አልዋሽም። ግን የአያ ክንዱ ገብስ የሚደርሰው ጎረቤት በወንፈል ተጋግዞ አጭዶ ከተበተነ በኋላ ነው። ብቻቸውን ሲያጭዱ አምና ግማሹ ረገፈ። ዘንድሮም ከረገፈ ለዘር የሚተርፍ የለም።

ጎረቤታቸው በላቸው ሲያልፍ ይተርባቸዋል።

«አያ ክንዱ፣ ገብስዎ ለፋሲካ ይደርሳል?»

«ለተዝካርህ አደርሰዋለሁ!»

አንድ ቀን «አያ፣ ምነው እርስዎም ሰው የሚዘራውን ቢዘሩ?» አልኳቸው።

«የእሷን ማን ይዝራላት?» አሉኝ። ቀጥለው፣ «እናንተ ዘር ታመጣላችሁ። ሰውስ አታመጡም?»

ሳቅሁ። መኪናው ጋ ሳልደርስ ሳቄ ጠፋ።

ዘንድሮ መስከረም ሲያልቅ ውርጭ ወረደ። የመንደሩ ገብስ አበባ ላይ ሳለ ተመታና ፍሬው መከነ። ጥቁሩ ገና አላበበም ነበር፤ ተረፈ።

በላቸው ማማው ሥር መጥቶ ቆመ። አልቀለደም።

«አያ፣ ለከርሞ ዘር ይሰጡናል?»

አያ ክንዱ ወደ ማሳው የተጠጋውን የበላቸውን ከብት በእጃቸው ጠቆሙ።

«በፊት ከብትህን መልስልኝ» አሉ። «ስታጭዱልኝ ትወስዳላችሁ።»

በታኅሣሥ ወር አሥራ አራት ሰዎች ማጭድ ይዘው መጡ! ለምሳ ሲቀመጡ አያ ክንዱ አገልግላቸውን ከፍተው ደነገጡ። የቋጠሩት ለአንድ ሰው የሚበቃ ነበር።

«ለምዶብኝ እኮ ነው» አሉ አቀርቅረው።

«ይተዉት አያ፣ እኛ ይዘናል» አለ በላቸው፣ የራሱን እየዘረጋ።

አጨዳው ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ተጠናቀቀ። ሰዉ ነዶውን ከመረ፤ አያ ክንዱም መርቀው ሸኙት። እኔ ናሙናዬን ይዤ ስዞር አያ ክንዱ ተመልሰው ማማው ላይ ወጥተዋል።

«አያ፣ የሚጠበቅ ምን ቀረ?»

«ምንም» አሉ ባዶውን ማሳ እያዩ። «ከርሞ ሁሉም ይህንኑ ከዘራ፣ ቀድሞ ከብት የሚለቅ የለምና ማማ አያሻኝም። ዛሬን ልቀመጥበት ብዬ ነው።»

ከዚያ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።