ዓሣ ይዞ የማይገባው ክላይቭ

ከዉስተር ከተማ በታች፣ በሴቨርን ወንዝ ዳር፣ ክላይቭ ታንዲን የማያውቅ ዳክዬ የለም። ሰውም ያውቀዋል፤ የከተማውን ግማሽ ሳሎን ምንጣፍ ያነጠፈው እሱ ነው። ጉልበቱ ያለቀው ግን በሰው ሳሎን ሳይሆን በወንዝ ዳር ጭቃ ላይ ነው። ጢሙ ሳይበቅል ጀምሮ ፀጉሩ ከራሱ ላይ እስኪሸሽ ድረስ፣ ሥራ በሌለበት ቀን ሁሉ ክላይቭን የፈለገው ሰው እዚያ ያገኘዋል። ዶፍ ቢወርድ እዚያው ነው፤ ውርጭ አፍንጫውን ቢቆርጠውም እዚያው ነው። በሠርጉ ዕለት ቤተ ክርስቲያን የደረሰው ክራባቱ ላይ የዓሣ ቅርፊት ተለጥፎበት ነው። ጂል፣ ሙሽራዋ፣ ጌጥ መስሏት «እንዴት ያምራል!» ብላለች ይባላል።

በዚህ ሁሉ ዘመን ታዲያ ክላይቭ አንድ ዓሣ ይዞ ቤቱ ገብቶ አያውቅም።

መያዙንስ ይይዛል። ግን በዚያ አገር የወንዝ ዓሣ አጥማጅ የያዘውን አይበላም። መንጠቆውን እንደ ጥርስ ሐኪም ቀስ አድርጎ ያወጣለታል፣ ይመዝነዋል፣ አብሮት ፎቶ ይነሳል፣ ከዚያ «በል ደህና ሁን» ብሎ ወደ ውሃው ይመልሰዋል። ክላይቭ «ሊቀመንበሩ» የሚለው አንድ አፈ ሰፊ ሽማግሌ ዓሣ አለ። ስንቴ ተገናኝተው ስንቴ እንደተሰነባበቱ ሁለቱም ረስተውታል። ክላይቭ የሚስቱ ልደት ሊጠፋበት ይችላል፤ የሊቀመንበሩ ክብደት ግን ከነግራሙ አይጠፋውም።

ጣጣው የሚመጣው መጋቢት ሲገባ ነው። መጋቢት ሲገባ ወንዙ ይዘጋል። ወንዝ በር የለው፣ መቀርቀሪያ የለው፣ ምኑ ይዘጋል የሚል ይኖራል። በሕግ ይዘጋል። ዓሦቹ እንቁላላቸውን በሰላም ይጣሉ ተብሎ እስከ ሰኔ ድረስ መንጠቆ ውሃ ውስጥ መንከር ክልክል ነው። እንግዲህ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ ዛፉ ሲያቆጠቁጥ፣ ልክ ሰው ከቤት መውጣት በሚያምረው ሰሞን ክላይቭ ቤቱ ይቀመጣል።

መቀመጥስ የት አባቱ! ፎቅ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዓሣ ሲነካ የሚነቀነቁትን፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉትን የመንጠቆ ምልክቶቹን በቀለም ይደረድራቸዋል፣ ያፈርሳቸዋል፣ በቁመት ይደረድራቸዋል፣ ያፈርሳቸዋል። ጓሮ ወጥቶ ዘንጉን ሲወረውር የጎረቤቱን የተሰጣ ካልሲ ይይዛል፤ ካልሲውንም በጥንቃቄ ፈትቶ ወደነበረበት ይመልሰዋል። ሻይ ሲቀዳለት ጽዋው ላይ አረፋ ብቅ ካለ ዓሣ መስሎት እጁ ብድግ ይላል። ማታ ማታ ድልድዩ ላይ ሄዶ፣ የቀድሞ ፍቅረኛውን መስኮት እንደሚያይ ሰው ውሃውን እያየ ይተክዛል።

ዘንድሮ ደግሞ የጂል እናት እማማ ዊኒ መጡ። በብርዱ ወራት በረዶ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበርና፣ ሲጠገንላቸው ልጃቸው ቤት ጠቅልለው ገቡ። በገቡ በማግስቱ ከፍሪጁ ታች የአይስክሬም ዕቃ አገኙ። ከፈቱት። ነጭ ነው፣ እህል እህል ይላል፤ በወተት የተሠራ ሩዝ መሰላቸው። ማንኪያ ይዘው ተጠጉ። ሩዙ ወደ እሳቸው መምጣት ሲጀምር ማንኪያውን ጣሉት።

«ጂል! ባልሽ ትል ያረባል!»

«ለዓሣ ነው እማዬ። መንጠቆው ላይ ይሰካዋል።»

«የቱ ዓሣ?»

ጂል ጎንበስ ብላ የወደቀውን ማንኪያ አነሳች።

«የጠየቅሁሽ ቀላል ነገር ነው እኮ። የቱ ዓሣ? ሠላሳ ዓመት ከአጥማጅ ጋር ስትኖሪ አንዲት ዓሣ ጠብሰሽ ታውቂያለሽ?»

«መልሶ ይለቃቸዋል።»

«አሃ! ይዞ ይለቃል!» አሉ እማማ ዊኒ፣ ሃኪሙ ያዘዘላቸውን ከዘራ መሬት ላይ እየደቁ። «ስሚኝ ልጄ። ወንድ ልጅ በዝናብ ከቤት ወጥቶ፣ ማታ ባዶ እጁን ፈገግ እያለ ከተመለሰ፣ ነገሩ ዓሣ አይደለም። ያቺ ዓሣ ስም አላት። የከንፈር ቀለምም ሳይኖራት አይቀርም።»

ጂል ሳቀች። ግን ሳቋ ልብስ ማጠቢያው ጋ ስትደርስ አለቀ፤ የክላይቭን ጃኬት አንስታ አሸተተችው። ጭቃ ጭቃ ይላል። ጭቃ ቦታ የምትኖር ሴትም አትጠፋም ብላ አሰበች።

ወንዙ ሲዘጋማ እማማ ዊኒ የሚፈልጉትን ማስረጃ ሁሉ አገኙ። ሰውዬው አይበላም። አይተኛም። መስኮት ላይ ቆሞ በረጅሙ ይተነፍሳል።

«አየሽው?» ይላሉ ለጂል፣ ክላይቭ እየሰማ። «ተጣልታዋለች። በሯን ዘግታበታለች።»

«ወንዙ ነው የተዘጋው እማማ!» ይላል ክላይቭ።

«እሱንማ አየነው። አሁን ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከድልድዩ።»

«ምን ልታይ?»

«ውሃ።»

እማማ ዊኒ ወደ ልጃቸው ዞረው ቅንድባቸውን እስከ ፀጉራቸው ድረስ ሰቀሉት።

አንድ ቀን ጠዋት ጂል እንቁላል እየጠበሰች ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ «ክላይቭ» አለችው፣ «ሌሊት በእንቅልፍህ ‹ነይ የኔ ቆንጆ፣ ቀስ ብለሽ ነይ› ስትል ነበር።»

«ዓሣ ነዋ!»

«እንግዲህ።»

«ጂል፣ በእግዜር! የሰባች ብርማ ዓሣ ነበረች፣ ሸምበቆ ውስጥ ልትገባብኝ ስትል...»

ጂል አልሳቀችም። ክላይቭን የወጋው ይሄ ነው። በሠርጓ ቀን ቅርፊቱን ያደነቀች ሴት፣ ወለሏን ጭቃ ቢያለብሰው፣ ፍሪጇን የትል መኖሪያ ቢያደርገው የሳቀች ሴት፣ ዛሬ እንቁላሉን ብቻ ገለበጠች። ቢለምን ቢምል የሚያምነው እንደሌለ ገባው። የሚያስፈልገው ዓሣ ነው። የሞተ፣ የሚጠበስ፣ ሳህን ላይ የሚጋደም ዓሣ።

«ስቅለት መጣ አይደል?» አለ ብድግ ብሎ። እዚያ ስቅለት ያለ ዓሣ አይውልም። «የስቅለትን ዓሣ የማመጣው እኔ ነኝ። በእጄ የያዝኩትን!»

«ከየት? ተዘግቷል አላልክም?» አሉ እማማ ዊኒ።

«ባሕር አይዘጋም።»

«እኔም እሄዳለሁ። ገበያ ገብቶ ገዝቶ ቢያመጣ በምን አውቃለሁ?»

እንዲህ ሆኖ ለስቅለት ዋዜማ ሦስቱም ክሌቭደን ወደምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወረዱ። እዚያ ረጅም ቀጫጭን እግሮቹን ባሕሩ ውስጥ የተከለ የእንጨትና የብረት መተላለፊያ አለ፤ ጫፉ ላይ አጥማጆች ይሰለፋሉ። ንፋሱ የሰው ጥርስ ሊያራግፍ ይደርሳል። እማማ ዊኒ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው አግዳሚ ላይ እንደ ዳኛ ተሰየሙ። ጂል አጠገባቸው ቴርሞሷን አቅፋ ተቀመጠች።

ክላይቭ የወንዝ ዘንጉን ሲገጣጥም ዴንዚል የሚባል፣ አንገትና ትከሻው የተያያዘ የባሕር አጥማጅ ከጎኑ ሆኖ አየው።

«ወንድሜ፣ በዚህ መርፌ ሹራብ ልትሠራ ነው?»

«ዓሣ ልይዝ።»

«በዚህስ ጉንፋን ነው የምትይዘው። እንካ።» መጥረጊያ እጀታ የሚያህል ዘንግ አዋሰው።

ክላይቭ ወረወረ። ወዲያው ጎተተ። ወረወረ። ጎተተ። ወደ ግራ ሄደ፣ ወደ ቀኝ ተመለሰ።

«ኧረ ተው አንተ ሰው! ባሕር ነው እኮ፣ ሻይ አይደለም፣ ምን ታማስለዋለህ?» አለ ዴንዚል።

«ዓሣ ካልያዝኩ ትዳሬ አለቀለት።»

ዴንዚል ዞር ብሎ እማማ ዊኒን አየ፤ ከዘራቸውንም አየ። ሌላ አልጠየቀም። ትልቅ ቢላውን መሳል ጀመረ፤ «አንተ ያዝልኝ እንጂ ማረዱን ለኔ ተወው» አለው።

ጠዋቱ ሄደ። የጂል ሻይ ቀዘቀዘ። እማማ ዊኒ፣ «ዓሣዋ ዛሬ ከባሏ ጋር ናት መሰል» አሉ ጮክ ብለው፤ መንገደኛው ሁሉ ሰማ። ያኔ የዘንጉ ጫፍ አንዴ ነቀነቀ። ከዚያ እንደ ቀስት ጎበጠ።

«ያዝ!» ጮኸ ዴንዚል።

ክላይቭ ያዘ። እግሩ ተረጋጋ፤ መጋቢት ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ዴንዚል በገመድ የታሰረ ሰፊ መረብ ወደ ታች ሰደደ፤ ጎተቱ፣ ጎተቱ፣ መረቡ ከመተላለፊያው የብረት አጥር በላይ ሲወጣ ውስጡ ጥጃ ያለ ይመስል ነበር። ኮድ የሚባለው ትልቅ የባሕር ዓሣ ነው! አፉ ጫማ ይውጣል። ሰው አጨበጨበ። እማማ ዊኒ ያለ ከዘራ ተነሱ። ጂል ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ዓይኖቿ እንደ ሠርጓ ቀን ሆኑ።

ክላይቭም ደስታ አሰከረው። እጆቹ የዕድሜ ልክ ሥራቸውን ጀመሩ። ዓሣው እንዳይላጥ መዳፋቸውን ውሃ ውስጥ ነከሩ። እርጥብ ምንጣፍ ላይ አጋደሙት። መንጠቆውን ቀስ አድርገው አወጡ። መዘኑት። ክላይቭ ከዓሣው ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ገጥሞ ጂል ፎቶ አነሳችው። ግንባሩን ሳመው። መረቡ ውስጥ መልሶ አስተኛውና ገመዱን ቀስ፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ይለቀው ጀመር።

«ምን እያደረገ ነው?» አሉ እማማ ዊኒ።

«እያጠበው ነው እማዬ።»

«ጎሽ። ንጹሕ ሰው ነው ለካ፤ አምቼው ነበር።»

ዴንዚልም ሊያጥበው መስሎት ቢላውን ይዞ ይጠብቃል። ክላይቭ የብረት አጥሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ለመረቡ ያንሾካሹካል። ታች አንድ ነገር ጭራውን ወዘወዘ።

«አሁንስ አልጠራም?» አሉ እማማ ዊኒ።

መረቡ ተመልሶ ወጣ። አንዲት የባሕር ቅጠል ነበረችበት።

ክላይቭ ወገቡን ይዞ፣ እንደ ወትሮው የረካ ፈገግታ ፈገግ ብሎ ዞረ። ዴንዚልን ከነቢላው አየው። ጂልን አየ። እማማ ዊኒን አየ። ፈገግታው ከፊቱ የወረደው አንድ ደረጃ፣ አንድ ደረጃ እያለ ነው።

«ለቀቅሁት?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ስመህ» አለ ዴንዚል። «ስመህ ለቀቅኸው።»

ንፋሱ እንኳ ለአፍታ ያፈረ መሰለ። ክላይቭ ወደ ጂል አንድ እርምጃ ሄደ፣ ቆመ፣ እጆቹን የሌላ ሰው እጆች ይመስል አያቸው።

«ጂል» አሉ እማማ ዊኒ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው እየተቀመጡ። «ሴት የለችውም።»

«እማዬ!»

«የለችውም አልኩሽ! በዓይኔ አየሁ። ይሄ ሰው ሴት ቢይዝ እንኳ መዝኖ፣ ስሞ፣ ለባሏ ነው የሚመልሳት።»

ጂል የብረት አጥሩን ተደግፋ፣ ቴርሞሷ ከእጇ ወድቆ እስኪንከባለል ድረስ ሳቀች። ክላይቭ ያንን ሳቅ ሲሰማ አግዳሚው ላይ፣ ከአማቱ ጎን ዘፍ አለ። እማማ ዊኒ ከብርድ ልብሳቸው አንዱን ገፈው ትከሻው ላይ ጣሉለት።

በማግስቱ፣ በስቅለት፣ ጂል ጥግ ካለው ሱቅ የተጠበሰ ዓሣ በወረቀት አስጠቅልላ አመጣች። ሲቀርብ ክላይቭ ሹካውን አነሳ። እማማ ዊኒ በከዘራቸው ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ጂል፣ ይሄን ከሱ አርቂው። ይስመውና ወንዝ ይዞት ይሄዳል።»