በሱሉልታ መንገድ የላጥኩት ኮክ

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ለስኳር ሕመምተኞች የአመጋገብ ምክር ወደምሰጥበት ክፍል ገብተው፣ «ልጄ፣ ኮክ ደርሷል፤ ለእኔ ይሆናል?» አሉኝ። «በልኩ፣ ከነልጣጩ» አልኳቸው። ልጣጩ አሰር አለው፤ ስኳሩ ቶሎ ወደ ደም እንዳይገባ ያዘገየዋል። ይህን እየተናገርኩ ሌላ ኮክ ትዝ አለኝ።

የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በተነሳ ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቋርጦ ሱሉልታ ቤታችን ነበርኩ። ሥነ ምግብ ተማርኩ ብዬ ቤቱን ሁሉ አስጨንቄዋለሁ። አንድ ጠዋት አባዬን ለስኳር ሕመሙ ቀጠሮ አዲስ አበባ ልወስደው ስንነሳ ከኮቱ ኪስ ሦስት ከረሜላ አግኝቼ ወሰድኩበት።

«ፖሊስ ሆንሽብኝ» አለ እየሳቀ። ኢንሱሊኑን ተወግቷል፤ ቁርሱን ግን እንደ ቀጠሮ ቀን ልማዱ አዲሱ ገበያ ፍርፍር ሊበላ ነበር። መንገዱ አጭር ነው ብዬ ዝም አልኩ።

የተሳፈርንበት ሚኒባስ ከሱሉልታ ሳይወጣ ቆመ። ከፊት ድንጋይ ተደርድሯል፣ ጎማ ይጨሳል፤ ከኋላም ተዘጋ። ሱቅ የሚባል አልተከፈተም። አንድ ሰዓት ጠበቅን፤ ሁለት ሞላን። ሾፌሩ ሞተሩን ያጠፋል፣ ያስነሳል። አንዱ ስልክ ይሞክራል፤ ውጭ ዝናብ ነው፤ ሌላው ወርዶ በስብሶ ይመለሳል።

አባዬ ወሬውን አቆመ። ፊቱ ላብ በላብ ሆነ፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ስኳሩ መውረዱን ወዲያው አወቅሁ። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴት ለገበያ አንድ ቅርጫት ኮክ ይዘዋል፤ ሽታው መኪናውን ሞልቶታል። ጠይቂ፣ ጠይቂ ይለኛል ልቤ። እኔ ግን ሰው ሁሉ ዞሮ እንዳያየኝ ቃል እመርጣለሁ። አባዬ በአክስቴ ስም ጠራኝ። ያኔ ጮህኩ።

«እማማ፣ ኮክ ይስጡኝ! አባቴ ሊሞትብኝ ነው!»

«ማል ታኤ?» አሉ፤ ምን ሆነ ማለታቸው ነው። መልሴን ሳይጠብቁ ቅርጫቱን በሰው ራስ ላይ አሳለፉት። «ለስላሳ ለስላሳውን ምረጪ!»

ጸጉራሙን ልጣጭ በጥርሴ ገፈፍኩ፤ ያን ቀን የሚያዘገይ ነገር አልፈለግሁም። ፍሬውን በመዳፌ ጨምቄ ጭማቂውን ጥቂት በጥቂት አጠጣሁት። ዋጠ። ሁለተኛ ላጥኩ፤ ሦስተኛ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ትኩር ብሎ አየኝ።

«ከረሜላ ከልክለሽ ኮክ ትግቺኛለሽ?»

ሴትየዋ ሳቁ። እኔ አለቀስኩ።

ዛሬ ለታካሚ «በልኩ» ከማለቴ በፊት መቼ እንደበላ፣ መቼ እንደተወጋ እጠይቃለሁ። አባዬ ያን ቀን እንደ ቀልድ ያወራዋል። እኔን የሚያሳስበኝ እያወቅሁ ዝም ያልኩባቸው ደቂቃዎች ናቸው። ስንት እንደነበሩ አላውቅም፤ እሱም ጠይቆኝ አያውቅም።