አባቴ በራሱ ስም የገዛት መኪና

አባቴ ሠላሳ ዓመት የመንግሥት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት የራሱን ገዛ። ከመቀሌ ነጋዴ የተገዛች፣ ቀለሟ በፀሐይ የነጣ አሮጌ ፒክአፕ ነበረች። በማይጨውና በኮረም በኩል ራሱ ነድቶ ሰቆጣ አስገባት። የትግራይ ታርጋ ስለነበራት ጎረቤቱ እንግዳ የመጣብን መስሎት ሊጠይቀን መጣ።

ታርጋው ወደ አማራ እንዲዞር ፋይሏ ከመቀሌ መምጣት ነበረበት። ሦስት ወር ፈጀ። ደርሷል ሲባል አባቴ ካፖርቱን ለብሶ፣ እኔን አስከትሎ ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደ። እኔ ያኔ እዚያው ከተማ አስተማሪ ነበርኩ፤ ወረቀት ያለበት ቦታ ሁሉ ይዞኝ ይሄዳል።

የቢሮው ሠራተኛ የሰቆጣ ልጅ ነው። ኮፈኑን አስከፍቶ የሞተሩን ቁጥር አነበበ። የሻንሲውን ቁጥር በጨርቅ ጠርጎ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ። ሁሉም ልክ ነበር። ተመልሶ ተቀመጠና የሽያጭ ውሉንና የአባቴን መታወቂያ ጎን ለጎን አድርጎ ብዙ ጊዜ አያቸው።

“አባቴ፣ መኪናዋ እሷው ናት” አለ። “የገዟት ግን እርስዎ አይደሉም።”

ውሉ ላይ የተጻፈው፣ በገጠር፣ ጋዝጊብላ ያሉ ዘመዶቻችን አባቴን የሚጠሩበት ስም ነበር። የቤት ስሙ ነው ብዬ ማስረዳት ስጀምር አባቴ እጁን አንስቶ አስቆመኝ። ከዚያ በኽምጥኛ፣ በዋግ አገው ቋንቋ፣ ለሠራተኛው ያወራለት ጀመር። ቤት ውስጥ አማርኛ ነው የሚናገረው፤ ኽምጥኛውን የሚያወጣው ለከባድ ነገር ነበር። ወረፋ የሚጠብቁትም ኽምጥኛ ስለሚሰሙ ወሬያቸውን አቁመው አዳመጡ።

አባቴ እንዳለው ታላቅ ወንድም ነበረው። ከቤቱ ትምህርት ቤት የገባው እሱ ብቻ ሲሆን አራተኛ ክፍል ጨርሷል። ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ ወባ ገደለው። በዚያው ዓመት አንድ መሥሪያ ቤት ሹፌር ፈለገ፤ የአራተኛ ክፍል ካርድ ይጠይቅ ነበር። ካርዱ ቤት ነበር። አያቴ ከሣጥን አውጥታ ለአባቴ ሰጠችው። ከዚያ ወዲህ መንጃ ፈቃዱም፣ ደመወዙም፣ ጡረታውም በሟቹ ስም ሆነ። መቀሌ ውል የጻፈላቸው ሰው መታወቂያ ሳይጠይቀው ስምዎ ማነው ሲለው ግን የራሱን ነገረው።

ለምን እንደዚያ እንዳደረገ ጠየቅሁት።

“የራሴ መኪና ናታ” አለኝ።

እኔ በዚያች ሰዓት ያሰብኩት ስለ ዲፕሎማዬ ነበር። በወረቀት የአጎቴ ልጅ ነኝ፤ አጎቴ ደግሞ ሳያገባ ነው የሞተው።

ሠራተኛው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሁለት መንገድ እንዳለ ነገረን፦ ፍርድ ቤት ሄዶ ስምን ማስለወጥ፣ አለዚያም ሻጩ ዘንድ ተመልሶ በመታወቂያው ስም አዲስ ውል መዋዋል። የመጀመሪያው ከተጀመረ የጡረታው ፋይልም ተከፍቶ መመርመሩ አይቀርም አለ። የሰማውን በየትኛው ፎርም ላይ እንደሚሞላ ስለማያውቅ እንዳልሰማ እንደሚቆጥረው ጨመረልን። ወረፋ ላይ ከነበሩት አንድ ሽማግሌ ተነሥተው አባቴን “ነፍሱን ይማር” አሉት።

በሳምንቱ መቀሌ ሄድን። ነጋዴው አዲሱን ውል መነጽሩን አድርጎ አነበበና ግራ ገባው።

“ታዲያ ያን ጊዜ የሸጥኩት ለማን ነው?”

“ለታናሽ ወንድሜ” አለ አባቴ። “ለእኔ ትቶልኛል።”

ነጋዴው የአባቴን ፊት ደግሞ አየና ደግ ወንድም ነው ብሎ ፈረመ።

ስንመለስ ኮረም ላይ አረፍን። እዚያ ምሳ ስንበላ ቅር ብሎት እንደሆነ ጠየቅሁት። እንጀራውን ቆረሰ።

“ሠላሳ ዓመት የሠራው እሱ ነው” አለ። “አንድ መኪና ቢኖረው ምን ይለዋል?”

አዲሱ ታርጋ ከባሕር ዳር የመጣው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። አባቴ ብሎኑን ራሱ አጠበቀ፤ አሮጌውን ለቢሮው አስረከበና ፈረመ። ፊርማው ላይ የወንድሙን ስም ጻፈ፤ ለምዶታል። በማግሥቱ የአምደወርቅ ገበያ ስለነበር አራት ሰውና ሁለት ፍየል ጭኖ በጠዋት ወጣ።