ሞተሩ ተንጠልጥሎ ሳለ እንግዳ መጣ

ይህ የሆነው ባለፈው ሰመር፣ ኮሌጅ ልጀምር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩኝ ነው። ዛሬም ከባድ ዕቃ ይዤ ከኋላዬ ሰው "እንደምን ዋላችሁ" ሲል ከሰማሁ ጣቶቼ ራሳቸው ጠበቅ ይላሉ። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ጋራዥ ያለው ቤት ተከራይተን ነበር። ጋራዡ ውስጥ የአባዬ መኪና አለ። ከእኔ ዕድሜ በብዙ የሚበልጥ፣ ባለ ሁለት በር፣ የሞተር ክዳኑ ኮፈን ረጅም፣ አሜሪካኖች "መስል ካር" የሚሉት ዓይነት ነው። አባዬ ሲገዛው ሞተር የለውም፣ ወለሉ በዝገት ተበልቶ መሬት ያሳያል። ሄርንደን አካባቢ ኤርፖርት ነው የሚሠራው፤ እዚህ አገር ከመጣን ለራሱ ብሎ የገዛው ነገር ይህ መኪና ብቻ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። እናም በዕረፍት ቀኑ ሁሉ ወለሉን በየዳ፣ መሪውን ቀየረ፣ ከሌላ መኪና ወንበር አምጥቶ ገጠመ። ሴት ልጁ እኔም አብሬው ተማርኩ። ፍሬኑን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ አባዬ የፈተሸው በኋላ ነው።

ሦስተኛው ሠራተኛችን ሎረል ከተማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ናቲ ነው። ናቲ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ የመኪና ሥራን ከቪዲዮ የተማረ ጎረምሳ ነው። አባዬ "ማርሚታውን አቀብለኝ" ሲለው ናቲ ወደ እኔ ያያል። "ማፍለሩን ነው" እለዋለሁ። "ኦ፣ ማፍለር! ለምን እንደዛ አይልም?" ይለኛል። አባዬ ደግሞ "ይሄ ልጅ መኪና ያውቃል፣ ስሙን ግን አያውቅም" ይላል።

በዚያ ሰመር አከራያችን ቤቱን እንደሚፈልገው ነገረን። እማዬ ለሥራዋ የሚቀርብ አፓርትመንት እዚሁ አካባቢ ባለችው አሌክሳንድሪያ አገኘች። ጋራዥ የለውም። ውጭ መኪና ማቆሚያ ቢኖረውም የማይንቀሳቀስ መኪና ማቆም ክልክል ነው። እማዬ ነገሩን አሳጠረችው፦ "እኔ መኪናውን አልጠላሁም። ተነስቶ ከሄደ አብሮን ይሂድ። ካልተነሳ ግን ይሸጥ።" አባዬም ተስማማ። ውድብሪጅ የሚኖር አንድ ሰው፣ መኪናው ካልተነሳ ቤት በምንለቅበት ቅዳሜ ተጎታች ይዞ መጥቶ ገዝቶ ሊወስደው ከአባዬ ጋር ተነጋገረ።

ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ሞተሩን ለማስገባት ተነሳን። አባዬ አሮጌ አግኝቶ ያደሰው ሞተር ቀለም ተቀብቶ፣ በሰንሰለት ከማንሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ናቲ ማንሻውን ይዞ ቀስ እያለ ያወርዳል። እኔ ሞተሩ እንዳይወዛወዝ ከጎን በሁለት እጄ ደግፌአለሁ። አባዬ ከፊት ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ወደ ውስጥ አስገብቶ ቡሎኑ ቀዳዳው ላይ እንዲያርፍ ይመራዋል። "ትንሽ... ትንሽ... ቁም። አሁንም ትንሽ..." እያለ።

"ሰላም ለዚህ ቤት!" አለ አንድ ድምፅ።

ጋሽ ብርሃኑ ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። እዚህ አገር የገባን ዕለት የተቀበሉን፣ ይህንንም ቤት ያገኙልን እርሳቸው ናቸው። ቤት ልንለቅ መሆኑን ሰምተው ሊሰናበቱን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ አንድ ካርቶን ማንጎ ይዘው ጋራዡ በር ላይ ቆመዋል።

እኛ ቤት ሽማግሌ ሲገባ ቁጭ ብሎ መጠበቅ የለም። ሰላምታም በአንድ እጅ አይሰጥም። ምንም አላሰብኩም፤ ሞተሩን ለቀቅኩት። ወደ እርሳቸው ሄድኩና እጄን ግራሶ ቅባት ስለነካው የእጄን አንጓ በሌላው እጄ ደግፌ ዘረጋሁላቸው፤ አንገቴንም ደፋሁ። ናቲም መጣ። እናቱ "ልጅህ ሰላም አይልም እያሉ ያሳፍሩኛል" እያለች ስለምትጨቀጭቀው ያን ቀን የሰላምታ ጀግና ሆነ። ማንሻው እንዳይወርድ የሚይዘውን ቫልቭ በደንብ ሳይዘጋው ነው የመጣው።

ከኋላችን ሰንሰለቱ ሲንሿሿና አንድ ከባድ ነገር ብረት ላይ ሲያርፍ ሰማሁ። ዞር ብዬ ሳይ ሞተሩ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ ወርዷል። አባዬ እንዳጎነበሰ ነው።

"ደህና ዋሉ ጋሽ ብርሃኑ፤ ይግቡ" አለ፣ በተለመደው ድምፁ። "ወንበር ስጧቸው እንጂ።"

ጋሽ ብርሃኑ ማንጎውን እንደያዙ ወደ እርሱ ተጠጉ። "አንተ ደግሞ መኪና ሠራሁ ብለህ ኮራህ? ቀና ብለህ ሰላም በለኝ እንጂ!"

"ይቅርታ ጋሼ፤ እጄን ሞተሩ ይዞታል።"

ናቲ ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር። ከዚያ የአባዬ ላብ ከግንባሩ ኮፈኑ ሥር ጠብ ሲል አየሁ።

"ናቲ! አንሳው!" ብዬ ጮኽኩ።

"እያነሳሁ ነው! ኦ ማይ ጋድ፣ ፓምፕ እያደረግኩ ነው!"

ማንጎው መሬት ላይ ተበተነ። ጋሽ ብርሃኑ በዚያ በሙሉ ልብሳቸው ትከሻቸውን ለሞተሩ ሰጡና "ኢየሱስ! ኢየሱስ!" እያሉ ከእኔ ጋር ገፉ።

"ጋሼ፣ ልብስዎ..." ይላል አባዬ።

"ልብሴን ተወውና እጅህን አውጣ!"

እጁ ወጣ። ሞተሩን ቦታው ላይ አሳርፈን ወደ ሐኪም ቤት ሮጥን። ሁለት ጣቶቹ ተሰብረዋል። ሐኪሙ አስሮለት፣ ለብዙ ሳምንታት መፍቻ እንዳይጨብጥ ነገረው። ሌላው ጣቱ ሁሉ ደህና ነው አለን።

እማዬ ቤት ስንገባ ለአባዬ "ለውድብሪጁ ሰውዬ ደውልለትና መጥቶ ይውሰደው" አለችው።

እኔ እማዬን ተቃውሜ አላውቅም። አስተማሪም፣ ጎረቤትም ተቃውሜ አላውቅም። ሰው ቅር እንዳይለው ስጨነቅ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ያን ቀን ግን "እማዬ፣ እስከ ቅዳሜ ጊዜ አለን። እኔ እጨርሰዋለሁ" አልኳት።

"በየትኛው እጅ?"

"በእኔ።"

አባዬ የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ "የተሰበረው ጣቴ ነው፤ አፌ ደህና ነው። እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ትሠራለች" አለ።

እማዬ ሁለታችንንም አየችን። "ሰውዬው ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል። አልከለክለውም" ብላ ገባች።

እሑድ ዕለት ጋሽ ብርሃኑ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለአባዬ ጸሎት አስያዙ። በቅንነት ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠያቂ ከቤታችን አልጠፋም። ከሥራ መልስ ይመጣሉ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ድስት ይዘው ይመጣሉ። አባዬ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚያሠራኝ እነርሱም ጋራዡ ውስጥ ይቀመጣሉ። "ጌታ ይፈውስህ"፣ "እንኳን በጣት አለፈ" ይሉታል። እኔም በመጡ ቁጥር ከመኪናው ሥር እወጣለሁ፣ እጄን እጠርጋለሁ፣ ሰላም እላለሁ፣ ወንበር አመጣለሁ፣ ውኃ አቀርባለሁ፣ ስለ ኮሌጅ እመልሳለሁ፣ ሲጸለይ ቆሜ አሜን እላለሁ። ተመልሼ ስገባ የትኛውን ቡሎን እንዳጠበቅኩ ረስቼዋለሁ።

ማክሰኞ ማታ የሠራሁትን ሳየው ራዲያተሩን ከማስገባት ያለፈ ነገር የለም። በዚህ አካሄድ ለቅዳሜ እንደማይደርስ ገባኝ።

እማዬ ዕቃ ካርቶን ውስጥ ስትከት አጠገቧ ቆምኩ። "ከነገ ጀምሮ አልነሳም" አልኳት።

"ምን ማለትሽ ነው? ሰው ሲመጣስ?"

"ሰው ሲመጣም።"

"ባለጌ ነው የሚሉሽ።"

"ይበሉኝ።"

አስቀያሚ ነገር እንደተናገርኩ ሁሉ አየችኝ። እኔም ራሴን እንደዚያው አየሁት፤ ግን ሐሳቤን አልቀየርኩም።

በማግስቱ የጭስ ማውጫውን ማርሚታ እየገጠምኩ ነበር። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ከመኪናው ሥር የሚታየው እግሬ ብቻ ነው። በአንድ እጄ ማርሚታውን ወደ ላይ ደግፌ በሌላው ቡሎን እያስገባሁ ሳለ የእትዬ አልማዝን ድምፅ ሰማሁ። የእናቶች ጸሎት መሪ ናቸው፤ እማዬ በጣም ታከብራቸዋለች። ከአባዬ ጋር ሰላም ተባባሉና ጫማቸው እግሬ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

"የማን እግር ነው ይሄ?"

"የልጄ ነው" አለ አባዬ።

"ተኝታ ነው እንዴ የምትቀበለን?"

"እንደምን ዋሉ እትዬ አልማዝ" አልኩ ከሥር። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ማርሚታውን ይዤ ነው። ብለቀው ይወድቃል።"

ትንሽ ጠበቁ። እኔም ጠበቅኩ። የሚወጣ ሰው እንደሌለ ሲገባቸው ተከትላቸው የመጣችውን እማዬን "ምን የመሰለች ጨዋ ልጅ ነበረችሽ" አሏት። "ኮሌጁ ሳትገባበት ገባባት እንዴ?"

ሰው ተኝቶ ሲያለቅስ እንባው የሚሄደው ወደ ጆሮው ነው። ይህን ያወቅኩት ያን ቀን ነው። መጥረግ አልቻልኩም፤ ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል። መብራት የያዘልኝ ናቲ አጎንብሶ አየኝና "ዩ ኦኬ?" አለኝ።

"መብራቱን ወደዚህ አድርገው" አልኩት። ቡሎኑ ገባ። አጠበቅኩት። ቀጣዩንም አጠበቅኩት።

እትዬ አልማዝ ሲሄዱ እማዬ ሸኘቻቸው። ስትመለስ የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ጋራዡ ውስጥ የነበሩትን የእንግዳ ወንበሮች አንድ በአንድ አጣጥፋ ወደ ሳሎን ወሰደቻቸው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ በፊት ለፊት በር ተቀበለች። "ግቡ፣ እዚህ እንቀመጥ። ጋራዡ ዛሬ ሥራ ላይ ነው" ስትል በግድግዳው በኩል ይሰማኝ ነበር። አባዬንም ሰው ሲመጣ ለትንሽ ጊዜ ጠርታ ታሳያቸውና መልሳ ትልክልኛለች።

አርብ ሲመሽ ነዳጁም፣ ዘይቱም፣ ውኃውም ገብቷል። ሽቦውም ተገጣጥሟል። ታርጋውና ኢንሹራንሱ ቀድመው የተዘጋጁ ናቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የዕቃ መጫኛው መኪና ሳይመጣ የውድብሪጁ ሰውዬ ተጎታቹን ይዞ ደረሰ። ረጋ ያለ፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው ነው። ውስጡን አየና "ሞተሩ ገብቷል እንዴ! መኪናው አይነሳም አላላችሁኝም?" አለ።

"እንሞክራለን" አለው አባዬ።

ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ። ደግሜ አዞርኩ። ቀጭ፤ ሌላ ምንም የለም። ሰውዬው ጥቂት ጠበቀና ወደ ተጎታቹ ሄዶ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረ። ክፋት የለውም፤ የመጣበትን ሥራ ነው የሚሠራው። እማዬ በሩ ላይ ቆማለች። ናቲ አንገቱን ደፋ።

"ባትሪው?" አለኝ አባዬ።

"ሙሉ ነው። አሁን ለካሁት።"

"ማሳው?"

ተያየን። ማሳ የሚለው ሞተሩን ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚያገናኘውን ወፍራም ሽቦ ነው። ልክ ሞተሩ እንደተቀመጠ የሚታሰር ነገር ነው። እኛ ደግሞ ሞተሩ የተቀመጠ ዕለት ሐኪም ቤት ነበርን። አባዬ አስራዋለች ብሎ አልፎታል፤ እኔም አስሮታል ብዬ።

ወርጄ ከሞተሩ ጀርባ እጄን ሰደድኩ። ሽቦው አለ፤ ጫፉ ግን በአየር ላይ ነው። ሰውዬው ማሰሪያውን ይዞ ተመልሶ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። አላየሁትም። የቦዲውን ቀለም እስከ ብረቱ ፋቅሁ፣ ሽቦውን አሰርኩ፣ ስቤ ሞከርኩት። ገብቼ ቁልፉን አዞርኩ።

ሞተሩ ሁለቴ አነጠሰና ጮኸ። የጋራዡ መስኮት ተንቀጠቀጠ፣ ከጣራው ላይ አቧራ ወረደ፣ የጎረቤት ውሻ አበደ። ናቲ ከእንግሊዝኛውም ከአማርኛውም ያልሆነ ነገር ይጮሃል። አባዬ ደህናውን እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ።

ሰውዬው ማሰሪያውን መልሶ መጠቅለል ያዘ። "ለነፃ ኮንሰርት ነው የመጣሁት ማለት ነው" አለና ሳቀ። "አይዞሽ፣ መጀመሪያ ቀስ ብለሽ ንጂው።"

አሌክሳንድሪያ ድረስ የነዳሁት እኔ ነኝ። አባዬ አጠገቤ ተቀምጦ የሙቀት ቆጣሪውን ብቻ ያያል። እማዬ ከዕቃው ጋር ነበር የምትሄደው። ልንወጣ ስንል ግን የአበባ ማሰሮዋን ታቅፋ መጥታ አባዬን አስነሳችውና ከኋላ ገባች። ናቲ በራሱ መኪና ከኋላችን መብራት እያበራ ተከተለን። ወደ አሌክሳንድሪያ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ የወንዙ ነፋስ በመስኮት ሲገባ መኪናው አልተንገዳገደም፣ ሙቀቱም አልጨመረም። ከአጠገባችን የሚያልፉ ሰዎች አውራ ጣታቸውን ያሳዩን ነበር። እማዬም ኋላ እጇን እያወዛወዘች ትመልስላቸው ጀመር።

አሁን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የአባዬ አንዱ ጣት ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይነካል። እትዬ አልማዝ እስካሁን ይቅር ያሉኝ አይመስለኝም። እሑድ እሑድ ጎንበስ ብዬ ሰላም እላቸዋለሁ፤ እርሳቸው የጣታቸውን ጫፍ ብቻ ሰጥተውኝ ያልፋሉ። ሰው ቅር ሲሰኝብኝ እንቅልፍ የሚነሳኝ ልጅ ነኝና ይህ ያሳስበኛል። ወደፊትም ያሳስበኝ ይሆናል። ማርሚታውን ባለመልቀቄ ግን አንድም ቀን አልተጸጸትኩም።