ጥቁር የተቀባው ፓራውልት

ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። አንድ ሐሙስ ከሥራ ስመለስ የመኪናዬ ፕላስቲኮች ሁሉ ጠቁረው አገኘኋቸው። የፊቱ ፓራውልት፣ በበሮቹ ግርጌ የሚዞረው ክፈፍ፣ የስፖኪዮዎቹ ጀርባ፣ ፀሐይ በልቶት አመድ መስሎ የነበረው ሁሉ እንደ አዲስ ጫማ ያብረቀርቃል።

መኪናዋን የምነዳት ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። በሥራ ቀን በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ስለምሄድ ቱሉ ዲምቱ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ፣ ከመስኮታችን ፊት ለፊት ቆማ ትውላለች። ቤት የሚውሉት አባቴ ናቸው።

«ማን ቀባው አባባ?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ። አመድ መስሎ አስጠላኝ።»

አባቴ አቃቂ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆርቆሮ ሲያጥፉና ሲቀጠቅጡ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እጃቸው ሥራ መፍታት አይወድም። ግራ ዓይናቸውን ግን ሞራ ጋርዶታል። በዚያው ዓመት ፋሲካ ሰሞን የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ወጥተው ጎማ ካፈነዱ በኋላ ቁልፉን ወስጄ ደበቅኩት። አልተነጋገርንበትም። እኔ ደበቅኩ፣ እሳቸውም የት አለ ብለው አልጠየቁኝም።

የእኔ ሥራ ሰነድ ማጣራት ነው። ማኅተሙ እውነተኛ ነው ወይስ የተጭበረበረ፣ ፊርማው የሰውየው ነው ወይስ የሌላ፣ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሳገላብጥ እውላለሁ። አመሉን ቤት ድረስ ይዘሽው ትገቢያለሽ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የዚያን ዕለት ግን ምንም አልጠረጠርኩም። ጉልበታቸውን ስሜ አመሰገንኳቸው።

ቅዳሜ ላቫጆ ወሰድኳት። ውሃው በግፊት ሲመታው የፓራውልቱ ቀለም እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሳ።

«ይሄ የግድግዳ ስፕሬይ ነው እህቴ» አለኝ አጣቢው። «ሳይታጠብ፣ ሳይፋቅ ነው የነፉበት።»

እኔ ቀለሙን አልነበረም የማየው። በግራ በኩል፣ ቀለሙ ከተላጠበት ሥር ክንድ የሚያህል ጭረት ተጋድሟል። ጭረቱ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ገብቷል። የባጃጅ ሰማያዊ።

ከእኛ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ የባጃጅ ሹፌር ከሚስቱ ጋር ይኖራል። ከወሎ የመጡ፣ ሰው የማይነኩ ጎረቤቶች ናቸው። ባጃጁ ከሰኞ ጀምሮ ከብሎኩ ጀርባ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሰሞኑን ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ሁለት ጊዜ ደግሞ ከአባቴ ጋር ተቀምጠው ሲያወሩ ደርሼባቸው ወሬያቸውን አቋርጠዋል። ላቫጆው ውስጥ ቆሜ እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ገጣጠምኳቸው። መኪናዬን ገጭቷል። ከዚያ ዓይናቸው በደንብ የማያይ ሽማግሌ አግባብቶ ገመናውን በቀለም አስሸፍኗል። ነገሩ እንደ ሰነድ ግልጽ ሆኖ ታየኝ።

ለአባቴ ምንም አልተነፈስኩም። እሑድ ጠዋት ብርጭቆ ወረቀትና አንድ ባልዲ ውሃ ይዤ ወረድኩና የቀረውን ቀለም መፋቅ ጀመርኩ። አባቴ በመስኮት ያዩኛል።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ቀለሙ ስላልያዘ እንደገና ልቀባው ነው።»

«ተይው በቃ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው» አሉ። ድምፃቸው አላማረኝም። እሳቸውንም ጠረጠርኩ። ምን ቢላቸው ነው እንዲህ የሚሸፍኑለት? አስፈራርቷቸው ይሆን?

ጭረቱ ወለል ብሎ ሲወጣ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። በስንዝሬ ከመሬት ለካሁና ወደ ብሎኩ ጀርባ ሄድኩ። ግራ ቀኝ አይቼ የባጃጇን ሸራ ገለጥኩ። በጎኗ ላይ በዚያው ከፍታ ጥቁር ፕላስቲክ የፈተገው መስመር አለ። ቆርቆሮው ተሰርጉዶ እንደገና በመዶሻ ተቃንቷል።

«ምን ፈልገሽ ነው እህቴ?» ሹፌሩ ከኋላዬ ቆሟል።

«አንተን ነው የምፈልገው። መኪናዬን ገጭተህ ሽማግሌ ታታልላለህ?»

ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። በረንዳ ላይ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶች ዞር አሉ። ሚስቱ ደረጃው ላይ ብቅ አለች።

«ወላሂ እኔ አልገጨሁም።»

«ውሸታም! ቀለሙ ይኸው፣ ልኩ ይኸው! ታዲያ ማን ነው የገጨው?»

ወደ ቤታችን በኩል አየ። «አባባን ጠይቂያቸው» አለ ቀስ ብሎ።

«አባቴን ምስክር እንዳታደርግ!»

«ተይው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አባቴ በነጠላ ጫማ፣ ግድግዳውን እየዳበሱ መጡ። «እሱ ቆሞ ነበር። የገጨሁት እኔ ነኝ።»

አባቴ ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አላዩኝም፤ ነገሩን ለመሬቱ እንደሚነግሩ ሆነው ተናገሩ። መለዋወጫ ቁልፉን ቁም ሳጥን ውስጥ አግኝተው ነበር። አቃቂ አብሯቸው የሠራ ጓደኛቸው አልጋ ላይ መዋሉን ሰምተው ሊጠይቁት ተነሡ። መድረስ ቀርቶ ከግቢው እንኳ አልወጡም። በግራ በኩል የቆመችውን ባጃጅ አላዩዋትም። ሹፌሩ መጀመሪያ ጮኸባቸው፤ መደንገጣቸውን ሲያይ ግን መኪናዋን ወደ ቦታዋ መለሰላቸው። ለእኔ እንዳይነግረኝ ለመኑት። ስፕሬዩን ገዝቶ ያመጣው እሱ ነው። እሳቸው ደግሞ በየቀኑ እኔ ስወጣ የባጃጇን ቆርቆሮ ሲያቃኑ ሰነበቱ።

«ለምን አልነገሩኝም? እኔ አልወስድዎትም ነበር?»

«ቁልፉን ስትደብቂ መች ነገርሽኝ?» አሉኝ።

በሰው ሁሉ ፊት ወደ ጮኽኩበት ሹፌር ዞርኩ።

«አስቀይሜሃለሁ» አልኩት።

«እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው» አለና ሸራውን መልሶ አለበሰ።

በሚቀጥለው እሑድ ሰማዩ ጠራ ብሎ ነበር። ንፋሱ አቧራ ሳያነሳ በጠዋት ጀመርን። በሳሙናና በሙቅ ውሃ አጠብን፣ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ፋቅን፣ በአልኮል ወለወልን። ሹፌሩ ሳይጠራ መጥቶ መብራቶቹን በጋዜጣና በፕላስተር ሸፈነልኝ። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ፓራውልቱን በጣታቸው ጫፍ ይዳብሳሉ። «እዚህ ጋ ሻክሯል፣ መልሺው» ይላሉ፤ እኔ ምንም አይታየኝም፣ ስዳብሰው ግን እውነታቸውን ነው። መጀመሪያ ለፕላስቲክ የተሠራውን ማያያዣ ቀለም ነፋን፤ እሱ ሲደርቅ ጥቁሩን ሦስቴ፣ ስስ ስስ አድርገን።

ከሰዓት ሲደርቅ አባቴን አቃቂ ወሰድኳቸው። ጓደኛቸው ድምፃቸውን ሰምቶ ከአልጋው ሊነሳ ታገለ። ሁለቱ ከጨርቅ ፋብሪካ ሰዎች ጋር ኳስ ስለተጫወቱበት ዘመን አውርተው አይጠግቡም። እኔ በር ላይ ተቀምጬ እሰማቸዋለሁ። እነዚያን ታሪኮች ከዚያ በፊት አንዱንም አልሰማሁም ነበር።

የአባቴ ዓይን ከክረምቱ በኋላ ታክሞ ብዙ ተሽሎታል። መንዳት ግን ራሳቸው ተውት፤ መለዋወጫ ቁልፉን አንድ ቀን ቁርስ ላይ ሰጡኝ። ቀለሙም እስከ ዛሬ አልተላጠም። ሹፌሩ ሲያገኘኝ እየሳቀ ሰላም ይለኛል። ሚስቱ ግን ባሏን በሰው ፊት ውሸታም ስለው ደረጃው ላይ ቆማ ሰምታለች። ሰላምታዋ አሁንም ከአንገት በላይ ነው። አልፈርድባትም።